ፋኖስ ጠባቂዋን ያተረፍኳት እኔ ነኝ

እኔ አራሚ ነኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሴት አንድ ቀን ራሴ ብሳሳት ምን ይገርማል? የምነግራችሁ እሱን ነው። ሳላውቅ የሠራሁት እንዳይመስላችሁ ደግሞ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አስቤበት ነው።

በኛ ቤት እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነበር። አንዷ የደራሲውን ረቂቅ ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ ሊታተም የተዘጋጀውን ገጽ ይዛ በእርሳስ ትከተላለች። ንባቡም እንደ ሰው ንባብ አይደለም፤ ምልክቱ ሁሉ ይነበባል። «ንጉሡ ተነሣ ነጠላ ሰረዝ ሰይፉን መዘዘ አራት ነጥብ» ሲባል ይዋላል። ገጹ ሲያልቅ ሁለታችንም ግርጌው ላይ እንፈርማለን። ሁለት ፊርማ የሌለው ገጽ ወደ ማሽን አይወርድም።

የኔ አንባቢ ራዲዮ ነበረች። ስሟ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ድምፅዋ ስለማይቋረጥ የማሽን ክፍል ሰዎች ያወጡላት ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሃያ ሁለት ዓመት አነበበችልኝ። እሷም አላገባች፣ እኔም አላገባሁ። «እኛ እኮ የተዳርነው ለነጠላ ሰረዝ ነው» ትል ነበር። ማታ እሷ ወደ ባዶ ቤቷ፣ እኔ ወደ ባዶ ቤቴ።

አንድ ከሰዓት በመስኮት ተጣላን። እሷ ሙቀት ነው ይከፈት አለች፣ እኔ ወረቀቱ ይበተናል ብዬ ዘጋሁት። ከፈተችው፤ ዘጋሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሳ ደሜ ፈላና «ድምፅሽ ራሱ ሰልችቶኛል» አልኳት። ለራዲዮ፣ አስቡት። የቀረውን ገጽ አንድም ምልክት ሳትዘል አነበበች፣ ፈረመች፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ቀረች። ኩርፊያ ነው ብዬ እኔም አኮረፍኩ። በሁለተኛውም ቀን ቀረች። እሷ ትምጣ እንጂ እኔ አልሄድላትም አልኩ። በሦስተኛው ቀን አላስችል ሲለኝ ሄድኩ፤ ጎረቤቶቿ ደጇ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ልቧ ነው አሉኝ። ከአልጋዋ ወርዳ ወደ በሩ ስትሄድ ነው የወደቀችው። ከጎኗ ማንም አልነበረም። እኔ መኖር ነበረብኝ።

አለቃችን ሌላ አንባቢ አልቀጠረም። «እትዬ፣ አሁን እኮ ኮምፒውተር አለ፣ ብቻዎን ይወጡታል» አለኝ። በሁለቱም ቦታ እኔው እንድፈርም ተፈቀደልኝ። ወንበሯን ግን አላስነካሁም፤ ሊወስዱት ሲመጡ እግሬን ጭኜበት ጋዜጣ ማንበብ ጀመርኩ።

የቀያሹ መጽሐፍ የመጣው ያኔ ነው። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው መሬት ሲለኩ ኖረው በስተርጅና የራሳቸውን አገር ፈጠሩ። ሰባት ቅጽ የሚሆን ታሪክ ነው፣ ይሄ የመጀመሪያው። ጉም የሚተፋ ዘንዶ አለ፣ የሚጣሉ ሦስት ነገሥታት አሉ፣ ወንዙ ሁሉ በክንድ የተለካበት ካርታ አለ። የልጅ ነገር ነው ብዬ በንቀት ነበር የጀመርኩት። ኧረ እኔን ብሎ ናቂ። በሦስተኛው ቀን ምሳዬን እስከ አሥር ሰዓት ረሳሁት።

ከሁሉም አንጀቴን የበላችው ፋኖስ ጠባቂዋ ናት። አሮጊት ናት፤ አገሩ ዳር ባለ ማማ ላይ ሆና ጉሙ እንዳይገባ ፋኖስ ታበራለች። ከሥር ሠራዊት ያልፋል፣ ነገሥታት ያልፋሉ፤ ደረጃውን የሚወጣ ግን የለም። እሷ ደግሞ መንገደኛ ባየች ቁጥር ምናልባት ይመጣል ብላ ሁለተኛውን በርጩማ ትወለውላለች። እኔም ጠዋት ጠዋት የራዲዮን ወንበር አቧራ አራግፍ ነበርና፣ የት እንደነካኝ አትጠይቁኝ።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሚያልቀው እንዲህ ነው፦ «አሮጊቷ እጇን ከፋኖሱ ላይ ሳታነሳ ብቻዋን ሞተች።» ፋኖሱ ይጠፋል፣ ጉሙ ይገባል፣ በቃ።

ብቻዬን ብሆንም ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ ልማድ ነው። «ብቻዋን» ላይ ስደርስ ድምፄ እምቢ አለኝ። ደገምኩት፤ አሁንም እምቢ አለ። እርሳሴን አነሳሁና «ብቻዋን ሞተች» የሚለውን ሰርዤ «እንቅልፍ ወሰዳት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ቦታ ላይ ፈረምኩ። ራዲዮ ብትኖር «ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ፣ የሰው መጽሐፍ እኮ ነው» ብላ እርሳሱን ትነጥቀኝ ነበር። ሁለት ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነበር። ገጹ ወደ ማሽን ወረደ።

ከአራት ወር በኋላ ቀያሹ የክፍሌ በር ላይ ቆሙ፤ የታተመውን መጽሐፍ ይዘው፣ ጣታቸውን የመጨረሻው ገጽ ላይ አስገብተው። በቃ ከሥራ መባረሬ ነው አልኩ በሆዴ።

«እህቴ፣ ይቺን ሴትዮ ማነው ያስተኛት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ተሳስተሽ?»

«አይደለም። አውቄ ነው።»

የሚጮሁብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ማንም ያልተቀመጠበትን የራዲዮን ወንበር ሳብ አድርገው ቁጭ አሉ።

«ሁለተኛው ቅጽ የሚጀምረው በቀብሯ ነው» አሉ። «አሥራ አራት ገጽ ቀብር ጽፌያለሁ። አሁን የተኛች ሴትዮ ከነነፍሷ ልቅበር?»

ሳልፈልግ ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ፣ ከዚያ ተዉት።

«ያዳንሻት መስሎሻል አይደል? እስቲ አስቢው። ነገ ትነቃለች። ፋኖሱ ጠፍቷል፣ ጉሙ ገብቷል፣ ከሥር የሚያልፍ ሰው እንኳ የለም። እኔስ በሞት ገላግያት ነበር። አንቺ ስድስት ቅጽ ሙሉ ብቻዋን አስቀመጥሻት።»

ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አለቀስኩ። ራዲዮን ነገርኳቸው፤ መስኮቱን፣ ያልኳትን ነገር፣ ያኮረፍኩባቸውን ቀናት፣ ሁሉንም። እሳቸው የተቀመጡበት ወንበር የማን እንደሆነ ሲገባቸው ሊነሱ ከጅለው ነበር፣ ይቀመጡ አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?» አሉ በመጨረሻ።

«ትሙት» አልኩ። «መሞቷን አልከለከልኩም፣ ጋሼ። ግን አንድ ሰው ደረጃውን ይውጣ።»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቄ። ማንም ይሁን። አርፍዶም ቢሆን ይውጣ።»

መጽሐፋቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ። ለአለቃዬ ትንፍሽ አላሉም።

ሁለተኛው ቅጽ የመጣው በዓመቱ ነው። መስኮቱን ከፈትኩ፤ አሁን አሁን እከፍተዋለሁ፣ ወረቀቱ ከፈለገ ይበተን። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ረቂቁን አነሳሁና እንደ ደንቡ ለባዶው ወንበር ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«አንዲት መንገደኛ በጉሙ ውስጥ ደረጃውን ወጣች አራት ነጥብ አርፍጃለሁ ነጠላ ሰረዝ ይቅር በይኝ አለች አራት ነጥብ አሮጊቷ ዓይኗን ገልጣ በርጩማውን አሳየቻት አራት ነጥብ ቀኑን ሙሉ አወሩ አራት ነጥብ ሊመሽ ሲል አሮጊቷ እጇ በመንገደኛዋ እጅ ውስጥ እንዳለ ሞተች አራት ነጥብ»

ድምፄ አልከዳኝም። አንድም ቃል አልነካሁም። በኔ ቦታ ላይ ፈረምኩና የራዲዮን ቦታ ባዶ ተውኩት።

በማግስቱ አለቃችን ገጹን ይዞ መጣ። «እትዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ፊርማ ጎድሏል» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ «ጎድሏል።»