የሸክላው ፈረስና የአየነው ዳማ

እግሩ ደግሞ ማጠሩ፣ ፈረስ ነው ወይስ ጥጃ፣ የልጅ ልጄ ማስተዋል ሳጥኑ ላይ አቁማው ይዩት እንጂ እማማ ትለኛለች፣ አየሁት፣ ዓይኔ አልጠፋ፣ ኮሪያ ሁለት ዓመት ተምራ ስትመጣ ያመጣችልኝ የሸክላ ፈረስ ነው፣ ጋቢ ጠፍቶ መሆኑ ነው።

ኮርቻው ግን ኮርቻ ነው። እርካቡም። የሠራው ሰው ፈረስ ያውቃል፣ ታዲያ ምን ነክቶት ነው ቂጡ ላይ ዋንጫ የተከለበት፣ መጠጡ በዚያ ይሞላል በደረቱ ይቀዳል ትላለች፣ ዋናው ሺህ አምስት መቶ ዓመቱ ነው፣ ከመኳንንት መቃብር የወጣ፣ ይኼ አምሳያው ነው፣ ለእንግዳ ይሸጡታል፣ አሪፍ አይደል? መቃብር ውስጥ ምን ይሠራል እላታለሁ፣ ሟቹን እንዲያደርስ ነዋ እማማ።

ስድቡን ትቼ ጀርባውን በመዳፌ እጠርግለታለሁ። እኔ! የቆሰበር ገበያ የሚፈራው አፍ።

ጓዳ ባሌ አየነው ተኝቷል፣ በቤቱ ዕረፍት ያድርግ ተብሎ ተጽፎለታል፣ ወረቀቱን ማንበብ ቢያቅተኝም የሐኪሙን ዓይን አንብቤያለሁ፣ ዳማ ገብሱን በላ? ይለኛል ጠዋት ጠዋት፣ በላ እለዋለሁ፣ ውሸታም አሮጊት፣ ፈረሱን ዳማን ለሕክምናው ብዬ ከሸጥኩት ሦስት ወሩ፣ ያውም ለአድማሴ፣ በእርሻ ድንበር ተጣልተን ሰባት ዓመት ሰላምታ ለነሳሁት፣ ፊቱን እንዳላይ በደላላ።

እዚህ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶ፣ በለቅሶው መሃል ይሳባል፣ ሰው ሆዱ የሚባባው ያኔ ነው፣ አየነው የስንቱን ስቧል፣ የእሱን ማን ይስብለት፣ ምኑን፣ ይኼን ሸክላ ታቅፌ ልዙር? ማን ያውቃል፣ የዚያ የኮሪያው መኮንን ሚስትም ፈረሱን ሸጣበት ይሆናል።

አልወደዱትም እንዴ እማማ? ወድጄዋለሁ፣ ነጠላዬን አቀብይኝ፣ ወዴት ነው በዚህ ጭቃ? አያትሽ ጋ ቁጭ በይ፣ ስለ ዳማ ከጠየቀ እማማ እታለማሁ ልታመጣው ሄዳለች በይው።

ባጃጅ እዚህ አይገባም፣ በእግሬ፣ ምን ልለው ነው፣ አንተ አድማሴ፣ ዳማ ዛሬ አንድ ጊዜ ደጃፌ ላይ ይቁምና አየነው ይየው፣ በኋላም ለቀኑ አውሰኝ፣ በቁሙ ሳለ ስለ ቀኑ ማውራት ሟርት አይሆንም? ይሁን፣ ቢሰድበኝስ፣ ልመለስ፣ ልመለስ እንዴ፣ እግሬ ግን አይመለስም።

አጥሩ። ከውስጥ ዳማ ያሽካካል፣ አረማመዴን አውቆት፣ ከሃዲዋን አውቆ። አድማሴ ይወጣል፣ ሸምግሏል፣ ለካ ፊቱንም ረስቼዋለሁ፣ እታለማሁ? እርስዎ ነዎት? ስድቡ ሁሉ ምላሴ ላይ ይመጣል፣ የሰባት ዓመቱ፣ እውጠዋለሁ፣ መራራ ነው፣ አዎ አድማሴ፣ እኔ ነኝ፣ ልለምንዎት መጥቻለሁ።