ማንም ያልጫናት

ዲግሪ ይዤ አፋር በረሃ ውስጥ ሊጠፋ የተቃረበውን የዱር አህያ እቆጥራለሁ። ለእረፍት ወደ ቤታችን ወንጪ ስመጣ ጎረቤታችን ኦቦ ከበበው ይስቁብኛል። «ለንሳ፣ አህያ ለመቁጠር ዲግሪ ምን ያደርጋል? ቅዳሜ ገበያ ብትወጪ ስንቱን ትቆጥሪ ነበር» ይላሉ። አባቴ ዝም ይላል። የሚያናድደኝ ግን ከሳቁ ይልቅ ዝምታው ነው።

ዘንድሮ ከሰው መንደር በጣም በራቀ አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ኮቴ አየሁ። የቡድናችን መሪ «የአርብቶ አደሮች አህያ ናት» ብሎ ሊያልፈው ሲል ተከራከርኩት። አባቴ የወንጪን ሐይቅ ለማየት ለሚመጡ እንግዶች ፈረስ የሚያከራይ ሰው ነው፤ ከብትን በኮቴው መለየት ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህ ኮቴ ጠባብ ነበር፤ ከኋላውም የሰው ዱካ አልነበረም። የቤት አህያ ደግሞ ያለ ባለቤቷ ያን ያህል ርቃ አትሄድም።

ሁለት ቀን ሙሉ ከድንጋይ ጀርባ ሆነን ጠበቅን። በሦስተኛው ማለዳ እግሯ ላይ የዱር አህያ መለያ የሆነው ጥቁር መስመር ያላት አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ መጣች። «ሁለት» ብዬ መዘገብኩ፤ ሲሄዱም ወርጄ የእናቲቱን ኮቴ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ።

ቤት ስመለስ ኦቦ ከበበው ከአባቴ ጋር ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ለአባቴ በስልኬ ያሳየሁት የአህያዋን ሳይሆን የኮቴዋን ፎቶ ነው። ስልኩን በእጁ ከፀሐይ ከልሎ ብዙ አየው።

«ይቺን ማንም ጭኗት አያውቅም» አለ።

ከዚያ ስልኩን ለኦቦ ከበበው አቀበላቸው። «የገበያዋንማ እኔና አንተም እንቆጥራለን» አላቸው። «ልጄ የምትቆጥረው የማንም ያልሆነችውን ነው።»