ባዶው ለማን ደረሰ

ክኒኑን የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም አላሳበቀብኝም። ዶክተሩ ጠየቀኝ፣ እኔም ነገርኩት።

በሽታችን ስም አለው፣ ለምላሴ ግን አይመችም። የገዛ ሰውነታችን ደም የሚያረጋውን ነገር እየበላ ይጨርሰዋል። እኔ ጥርሴን በመፋቂያ ስነካው አፌ ደም ይሞላል። ጎረቤቴ አይናዲስ ደግሞ በር ገፋ ካደረጋት ክንዷ ይጠቁራል። ካቻምና በዐቢይ ጾም ከአፍንጫዋ የሚፈሰው አልቆም ብሎ፣ የሰው ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው። ጭሮ ውስጥ በዚህ በሽታ የታወቅነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሰው የሌለውን በሽታ አገኘን ብለን ስንሳሳቅ ከረምን።

ዓምና ዶክተር ጌዲዮን ከአዲስ አበባ አዲስ መድኃኒት ሊሞክር መጣ። ከመቻራ፣ ከመሰላ፣ ከበደሳ ታማሚ ሁሉ ተጠርቶ ተሰበሰበ።

«ግማሻችሁ እውነተኛውን ትውጣላችሁ፤ ግማሻችሁ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም የሌለበት ክኒን ትውጣላችሁ» አለን። «የድሮው መድኃኒታችሁ አይቋረጥም። የቱ ለማን እንደደረሰ እኔም አላውቅም።»

አውራ ጣታችንን ቀለም አስነክረን ፈረምን፤ ለየሰዉ አንዳንድ ብልቃጥ ክኒን ተሰጠን።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አይናዲስ ብልቃጧን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትወዘውዛለች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«የኔ ባዶ ይሆን እንዴ ብዬ።»

«በድምፁ ልታውቂው ነው?»

«አንቺ ምን አለብሽ። ዕድለኛ ነሽ፣ እውነተኛው ያንቺ ነው።»

እጇን ይዤ ቤቴ አስገባኋት። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት ጫት ሸጬ ነው። እኛ ጋ ሁለት ሴቶች አዋጥተው ጫት ሲገዙ እስሩን እንዳለ አይካፈሉም። ይፈታል፣ ይደባለቃል፣ ከዚያ ነው የሚካፈሉት። አንዷ ቀንበጡን፣ ሌላዋ የተረፈውን ገራባ ይዛ ገበያ አትቀመጥም። ሰፌድ አመጣሁ፣ ሁለቱንም ብልቃጥ ገለበጥኩ፣ በእጄ ደባልቄ እኩል አካፈልኩ።

አይናዲስ አማተበች። «ኃጢአት አይሆንም?»

«ብቻሽን ድነሽ እኔን ብትቀብሪኝ ነው ኃጢአቱ። ዋጪ!»

አዲስ ብልቃጥ በተሰጠን ቁጥር እንደዚያው አደረግን።

ባለፈው ወር ለምርመራ ስንሄድ ዶክተር ጌዲዮን ደስ ብሎት ጠበቀን። «አዴ ሉባባ፣ የደምዎ ውጤት ትንሽ ከፍ ብሏል። የአይናዲስም እንደዚሁ። ክኒኑን በትክክል እየዋጡ ነው?»

«እየዋጥኩ ነው። የኔንም፣ የሷንም።»

«ምን ማለት ነው?»

ስለ ሰፌዱ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንዱ ባዶ ነው ብዬ ነግሬያችሁ ነበር እኮ!»

«ስለነገርከን ነው የቀላቀልኩት። ባትነግረኝ ምን አስጨነቀኝ?»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «አዴ፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ከዋጣችሁ፣ መድኃኒቱ የሚሠራ ቢሆንም የማይሠራ ሊመስል ይችላል። የማይሠራ ከመሰለ ደግሞ ማንም አያስመጣውም። ነገ ከነገ ወዲያ የሚታመመው ሰው ምን ሊውጥ ነው?»

ይሄ ሆዴ ገባ፣ አልዋሽም። አንገቴን ግን አልደፋሁም።

«በደንቡ ሁለታችሁም ከጥናቱ ትወጣላችሁ» አለ። አይናዲስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እውነተኛው መድኃኒት ከቀረባት ለሚቀጥለው ጾም እንደማትደርስ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

«አንወጣም» አልኩት።

«ደንብ ነው እኮ፣ አዴ።»

«መጀመሪያ መልስልኝ። ጥናትህ ሲያልቅ አንተ ሻንጣህን ይዘህ ትሄዳለህ። ባዶ ሲውጥ የከረመው ሰውስ ምን ይዞ ይሄዳል?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጥያቄዬን ሰማ። ሙከሚል ብድግ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። የመቻራ ቡና ገበሬ ነው፣ እንደኛው ታማሚ።

«ዱጋ! እውነቷን ነው!» አለ። «እኔ በዚያ መንገድ አንጀቴ እየተበጠበጠ የምመጣው ባዶ ልውጥ ነው? ደግሞ አንቺ ሴትዮ፣ ስትቀላቅዪ እኔን ለምን አልጠራሽኝም?»

«ሰፌዴ ጠባብ ነው።»

ሰው ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቀም። እኔ ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ አይናዲስ አጠገቤ፣ ሙከሚል ቀጥሎ። የበደሳዎቹም የመሰላዎቹም ተቀመጡ። መልስ ሳናገኝ አዲስ ብልቃጥ አንቀበልም አልን።

«ይሄ እኮ አድማ ነው» አለ ዶክተሩ።

«ስሙን አንተ አውጣለት።»

ያን ቀን ስልኩ ከጆሮው አልወረደም። በመጨረሻ በሳምንቱ ተመለሱ አለን። ስንመለስ ከአለቆቹ የመጣውን ቃል ቆሞ ነገረን። መድኃኒቱ የሚሠራ ሆኖ ከተገኘ፣ ባዶ ሲውጥ የከረመ ሁሉ ከማንም በፊት እውነተኛውን ያገኛል። እኛም የቀላቀልንበት ጊዜ እንደ ጥፋት ተጽፎ፣ ዳግመኛ ላንቀላቅል ምለን እንቀጥላለን።

«በኦሮምኛም ይነገር» አልኩ። እሱ አይችልም፣ ነርሷ ሙስሊማ ነገረችልን። ሙከሚል ሰምቶ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲህ ይማሉ፣ አዴ» አለኝ ዶክተሩ።

ወዲያው አልማልኩም። እኔ ገበያ ላይ እንኳ ምዬ ሸጬ አላውቅም፤ ከማልኩ አላፈርስም። ከማልኩ ደግሞ፣ ባዶው የአይናዲስ ከሆነ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ባዶዋን ስትውጥ ቁጭ ብዬ ማየቴ ነው።

አይናዲስ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። «ማይ። እኔ የሆንኩትን እሆናለሁ። ከኔ በኋላ የምትታመመዋ ግን ምን አጠፋች?»

«ወላሂ አልቀላቅልም» አልኩ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞርኩ። «አንተስ?»

«እኔ ደግሞ ምን?»

«ማተብ የለህም?» አለችው አይናዲስ። ያቺ ድምፅ የሌላት ሴትዮ፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰማት። «አውጣና በሱ ማል። ባዶ የደረሰውን ሰው ጥለህ ላትሄድ።»

ጌዲዮን ግራ ቀኙን አየ። ማንም አልሳቀም። ከሸሚዙ ሥር ማተቡን ስቦ አወጣ፣ ያዘው፣ ማለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም የየራሳችንን እንውጣለን። ክኒኑን ስውጥ ከሰው ተደብቄ የምበላ ይመስለኛል። ትናንት አይናዲስ እጅጌዋን ሰብስባ አዲስ ጥቁረት አሳየችኝ። የኔ ድድ ደግሞ መድማቱን ትቷል። እሷም አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት።

ዶክተሩ ግን አሁንም ይፈራኛል። ይፍራ። ጥናቱ ሳያልቅ፣ መሐላውንም ሳላስፈጽመው ልሞትለት አላሰብኩም።