የአሮጌው ማጠንጠኛ ድምፅ

በምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከወጥ ቤቱ ሚዛን ግራና ቀኝ፣ ሁለት የዓሣ ክር ማጠንጠኛዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ልጃቸው ለአባቷ የገዛችለት አዲስ ነው፤ እንደ ላባ ቀላል፣ ሲሽከረከርም ትንፍሽ የማይል። ሌላው ከወፍራም ብረት የተሠራ፣ ቀለሙ ከጠርዙ የተላጠ አሮጌ ነው። ክሩ በተሳበ ቁጥር በውስጡ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ የመዘውሩን ጥርሶች እየነካካች «ጠጠጠጠ» ትላለች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ማጠንጠኛ አይደለም፣ የወፍጮ ድንጋይ ነው» አለች ልጅቷ አሮጌውን መዝና ከሚዛኑ ላይ እያነሳች። «መኪና የማይደርስበት የተራራ ሐይቅ ድረስ ነው የምትወጡት። ሁሉም ነገር በጀርባችሁ ነው። ዘንጉን ስድስት ቦታ የሚፈታ የገዛነው፣ እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ የተውነው ለምን ሆነና?»

«እኔ እሸከመዋለሁ» አለች እናት።

«እሺ፣ ምክንያትሽን ንገሪኛ!»

መናገር አልፈለገችም፤ ምክንያቱ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ባሏ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሚንኳኩ መኪናዎችን ጸጥ ሲያሰኝ ኖሮ ጆሮው ከእሱ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። የጆሮ መስሚያ መሣሪያውን ካላደረገ ከኋላው ቢጠሩት አይሰማም፤ መስሚያው ደግሞ እርጥበት ስለሚያበላሸው ከቤት ሊቀር ነው። ሐይቁ ዳር ተራርቀው ቢቆሙ እሷ ጮኻ ልታገኘው አትችልም። አሮጌው ማጠንጠኛ ግን ክር በሳበ ቁጥር ያለበትን ይነግራታል። ይህን በልጁ ፊት መናገር ባሏን ማሳነስ መሰላት።

«አባዬ፣ አንተ ፍረድ» ብላ ልጅቷ በጆሮው ጮኸች።

ጠጋኙ ሚስቱን አየና አሮጌውን አነሳ። «እናትሽ ይሂድ ካለች ይሄዳል። ወገቤን ግን የምታሸው እሷ ናት።»

«ወገብህን ሐይቁ ይሽልህ» አለች ሚስቱ። ሦስቱም ሳቁ።

ሚስቱ ጓዳ ገብታ ለዘንጉ ከረጢት ስትሰፋ፣ ጠጋኙ ካቻቪቴውን አምጥቶ ማጠንጠኛውን ፈታው፤ አጸዳው፤ በወፍራም ግራሶ አሽቶ መልሶ ገጠመው። ከእሱ እጅ ያልተቀባ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም። በጣቱ ሲያሽከረክረው እንደ ቅቤ ለሰለሰለትና ደስ አለው።

ሐይቁ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ ላይ፣ በድንጋይ ተከቦ የተኛ ጥቁር ውሃ ነበር። ድንኳኑን ተከሉ። ጠጋኙ ዘንጉን ገጣጠመ፤ በክሩ ጫፍ ላይ ዓሣ የምታታልል፣ ከላባ የተሠራች ዝንብ አሰረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እራት ይዤልሽ እመጣለሁ» አለ።

«ሩቅ እንዳትሄድ!» አለችው አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ።

ዳር ዳሩን ይዞ ሄደ። ከሩቅ ባርኔጣውንና በአየር ላይ የሚታጠፈውን ብርቱካንማ ክር ታይ ነበር። የማጠንጠኛው ድምፅም ይደርሳት ነበር፤ ነገር ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሻክሮባታል። ነፋሱ ይሆናል ብላ ተወችው።

ከዚያ ጉሙ ከተራራው ጫፍ ወረደ። መጀመሪያ ማዶውን፣ ቀጥሎ ባሏን፣ በመጨረሻም ከእግሯ ሥር ያለውን ውሃ ወሰደ። ብርዱ አብሮ መጣ።

ቆማ አዳመጠች። አንዳች ድምፅ የለም። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ከባድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ሰማች፤ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን ያንሸራተተው ግን ምንድን ነው? ማጠንጠኛው እስኪጮህ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። አልጮኸም። ሰውየው በሕይወት ካለ እጁ ክሩ ላይ ነው፤ እጁ ክሩ ላይ ከሆነ ድምፅ መኖር አለበት። ድምፅ የለም። ሐሳቧ ወደሚቀጥለው ቃል እንዳይደርስ ጮኸች።

«አንተ! የት ነህ?»

የማይሰማ ሰው መጥራቷን እያወቀች ደጋግማ ጠራች። ድምፅዋ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ የገባ ያህል እዚያው አጠገቧ ቀረ።

የውሃውን ጠርዝ በእግሯ እየዳበሰች መራመድ ጀመረች። ድንጋዮቹ ያንሸራትታሉ፤ ቦታ ቦታ ላይ ዳሩ ከአንድ ሰው እግር አይሰፋም። እንደዚህ ስትሄድ ነበር ውሃው ላይ ብርቱካንማ ነገር ያየችው።

ክሩ ነበር። በነፋሱ እየተገፋ፣ ልፍስፍስ ብሎ፣ ወደ እሷ መጥቷል።

ውሃው ዳር ተንበረከከች። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ክሩን እንዲህ አይለቅም። አነሳችው፤ ለመሳብ ግን እጇ እምቢ አለ። ከሳበችው በኋላ ቀላል ሆኖ ከመጣ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም። ሳትስብ እስከቆየች ድረስ ባሏ በማዶ ጫፍ አለ። ብርዱ ጣቶቿን እስኪያደነዝዛቸው ድረስ ይዛው ቆየች።

ከዚያ ሳበች። ክሩ ተወጠረ፤ ከበደ። ድንጋይም ይከብዳል፤ ሬሳም ይከብዳል። ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አደረገችው።

ዝም።

እንደገና ሁለት ጊዜ። ከጉሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመለሰላት።

ክሩን በመዳፏ እየሰበሰበች ሄዳ ደረሰችበት። ቋጥኝ ላይ ተቀምጧል፤ አንሸራትቶት እስከ ወገቡ ርሷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። እጁ አሁንም ማጠንጠኛው ላይ ነው።

«ምነው ቆየሽ?» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ብርዱ መጮህ ቢከለክለኝ በማጠንጠኛው ስንት ጊዜ ጠራሁሽ እኮ! ክሩን በሙሉ ጨረስኩት። ይሄን ሁሉ ጩኸት አልሰማሽም?»

ካፖርቷን አልብሳው ማጠንጠኛውን ተቀበለች። እሱ ሱቁ ውስጥ ካቻቪቴውን በመንጋጋው አስደግፎ የስፌት መኪናዎችን ንዝረት እንደሚያዳምጠው፣ ብረቱን በመንጋጋው ላይ አስደግፋ አሽከረከረችው። ጠበቀ። ዓይኑን ጨፈነ፤ መንጋጋው ላይ ምንም አልተንኳኳም፤ ገለጠ።

«ቀባሁት» አለ በመጨረሻ። «ጥሩ አድርጌ ቀባሁት። ብርዱ ግራሶውን አድርቆ ምላሷን አጣበቃት።»

«የት እንዳለህ እንድሰማ ነበር ያመጣሁት!» ብላ በጆሮው ጮኸች። በጠረጴዛው ዙሪያ ያልወጣላት ቃል አሁን ወጣ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ አልቀባውም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። የክሩን አንድ ጫፍ በእሱ፣ ሌላውን በራሷ እጅ ላይ አሰረችና ከፊት ሆነች። ጥቂት በተራመደች ቁጥር ሁለት ጊዜ ትነቀንቃለች፤ ከኋላዋ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ከዚያ እግሯን ታነሳለች። ጉሙ አልተነሳም፤ ድንኳኑም ገና አይታይም።

አንድ ቦታ ላይ ነቅንቃ ቆመች። መልሱ ዘገየ። አልዞረችም፤ ብትዞርም የምታየው ጉም ነው። እጇን ዘርግታ፣ ክሩ በቆዳዋ ላይ እስኪንቀሳቀስ ድረስ፣ ጠበቀች።