ከዝምታ እስከ ጩኸት

ድምፁ ጮኸ። ሕፃን ለማስተኛት እንደሚያንጎራጉሩት ዝቅ ብሎ መውጣት የነበረበት ድምፅ፣ ጅራቱን በር እንደቆነጠጠው ድመት አዳራሹን ሰንጥቆት አለፈ። ቼሎ ተጫዋቹ ቀስቱን ከክሩ ላይ አነሣ። ፍሉት የምትነፋው ልጅ ደንግጣ ደረቷን ያዘች። የሙዚቃ መሪው በትሩን አውርዶ ዓይኑን ጨፈነ።

"መምህርት፣ ዛሬም?" አለ።

"ማሽኑ ነው" አለች መምህርቷ ቶሎ ብላ። "የድምፅ መጠኑ አልታዘዝ አለኝ። ቀስ ብሎ እንደ መነሣት ዘሎ ይወጣል።"

"ቅዳሜ እኮ ሕዝብ ይገባል። ካልሆነ ያቺን የዜማ ክፍል ለቫዮሊን እንስጣት።"

"ዛሬውኑ አሠራዋለሁ" አለችና ገመዱን መንቀል ጀመረች።

መምህርቷ የምትጫወተው ቴረሚን እጅ ሳይነካው የሚጮህ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። አንዲት የእንጨት ሣጥን፣ በቀኝ በኩል ቀጥ ያለ አንቴና፣ በግራ በኩል የመዳብ ቀለበት፤ በቃ ይኸው ነው። ቀኝ እጅ ወደ አንቴናው ሲጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። ግራ እጅ ከቀለበቱ በላይ ከፍ ሲል ድምፁ ይጎላል፣ ዝቅ ሲል ይጠፋል። ተጫዋቹ የሚደገፈውም የሚጨብጠውም ነገር የለም። ሁለቱም እጆቹ አየር ላይ ናቸው።

ከስድስት ወር ወዲህ ይህች ሣጥን ያልገባችበት የጥገና ቤት የለም። የመጀመሪያው ባለሙያ ሦስት ሳምንት አስቀምጦ፣ አቧራዋን ጠርጎ፣ "ምንም የለባትም" ብሎ መለሳት። ሁለተኛው "አገኘሁት!" ብሎ ፈታትቶ ገጠማትና የተረፈውን ብሎን በፌስታል ጠቅልሎ ለመምህርቷ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ባሰባት። የሠራት ፋብሪካ ደግሞ በኢሜይል "ይላኩልን" አለ፤ ደርሶ መልስ አራት ወር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። መምህርቷን ግን ንዴት ሳይሆን ፍርሃት ነበር የያዛት፤ ከሁሉም በላይ ያስፈራት ያ "ምንም የለባትም" የሚለው ቃል ነው። ማሽኗ ምንም ከሌለባት ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነዋ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታቸው። "የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠቧል" አሉ። ሌላ መርፌ ተገዛ። መነጽር ተቀየረ። የስፌት መኪናው ሳይቀር ተለወጠ። ዕቃ ሲያማርሩ ሁለት ዓመት ሄደ። የግራ እጃቸው መንቀጥቀጡን በቤቱ ያላየው የለም፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም። ኋላ ማንኪያ አፋቸው የምታደርስላቸው እሷ ሆነች።

እሷም ዘንድሮ አርባ ዘጠኝ ሞልቷታል። ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ መያዝ ጀምራለች። ለምን እንደሆነ ራሷን እንዳትጠይቅ ትጠነቀቃለች።

ታናሽ እህቷ ከመሥሪያ ቤት አስፈቅዳ በመኪናዋ መጣችላት። ሣጥኗን የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው፣ እንደ ሰው ቀበቶ አሰሩላት።

"እታለም፣ ምነው ፊትሽ እንዲህ ጠቆረ?" አለች እህቷ መንገድ ላይ። "ለአንድ ሣጥን?"

"ቅዳሜ ደርሶብኝ ነው።"

"ካልሆነ ቫዮሊንሽን ይዘሽ ውጪያ። ድሮ ስም ያወጣሽው በሱ አይደል?"

መምህርቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረች። የቫዮሊኑን መያዣ ከከፈተች ዓመት ሊሞላት ነው። ቫዮሊን ሁሉ ነገሩ የግራ እጅ ጣት ነው።

ሰፈሩ ሁሉ "ጋሽ ሽቦ" የሚላቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ያለው አንድ ፎቅ ቤት ሥር፣ በደረጃው ጉያ ነው። እህቷ መኪና ማቆሚያ ስላጣች ሞተሩን ሳታጠፋ ጥግ ይዛ ቀረች። መምህርቷ ሣጥኗን አቅፋ ገባች። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ሆዱ በተዘረገፈ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተሞልቷል። ጋሽ ሽቦ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፣ ካቻቢቴያቸው ጆሮ ግንዳቸው ላይ ነበር።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አሉ።

ሰካችና አሳየቻቸው። እጇን ገና ዘርጋ ስታደርግ ሣጥኗ ኡኡ አለች። ጋሽ ሽቦ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ሳይነኩት የሚጮህ ጎረቤቴን ብቻ ነበር የማውቀው! በይ ተቀመጪ ልጄ።"

ማስመሪያ አምጥተው ከቀለበቱ አጠገብ አቆሙና የራሳቸውን እጅ ቀስ እያደረጉ አነሡ። ዝም፣ ዝም፣ ዝም፤ ከዚያ በአንዴ ጩኸት። ዝቅ አደረጉ፤ ጠፋ።

"አየሽ? ከዝምታ እስከ ጩኸት የሁለት ጣት ስፋት ብቻ ነው ያለው። በሁለት ጣት ውስጥ ማን ሙዚቃ ይጫወታል? ሰው ይታነቅበታል እንጂ።"

"ማሽኗ ናት ማለት ነው?" አለች ጠጋ ብላ።

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?"

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ስድስት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ ወረደላት። እሳቸው ክዳኑን ፈተው ቴስተራቸውን እዚህም እዚያም እየነካኩ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ ደረጃው ሲያጫውቷት እሷ ያለ ቅጥ ትስቅ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነገር ከሰሌዳው ነቅለው በመዳፋቸው አሳዩዋት።

"ከእኔ በፊት የነካካው ሰው ያለ ቦታዋ የበየዳት ናት። እጁ አይባረክ።"

በሌላ ለወጡላት። አንዲት ብሎን ጥቂት አዞሩ፣ መልሰው አዞሩ። እንደገና በማስመሪያው ለኩ። አሁን ድምፁ ከአንድ ስንዝር በላይ በሆነ ቦታ ላይ እንደ ጢስ ቀስ ብሎ እየተነሣ፣ ቀስ ብሎ ጎላ።

"ነይ ሞክሪያት።"

ቆመች። የቅዳሜዋን ዜማ ከመጀመሪያው ያዘች። ድምፁ ታዘዘላት። ዝቅ ስትል ዝቅ፣ ከፍ ስትል ከፍ። ጋሽ ሽቦ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ሰሙ። ከዚያ ያቺ ክፍል ደረሰች፤ ግራ እጅ አየር ላይ ፀጥ ብሎ የሚቆምባት፣ አንድ ድምፅ ሳይጎላ ሳይቀንስ እንደ ተወጠረ ክር የሚሄድባት ቦታ።

ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እንደ በፊቱ አልጮኸም፤ ብርድ እንደያዘው ሰው ነበር የሚንዘፈዘፈው። እጇን አወረደች። እንደገና አነሣች። ያው ነው።

"የመብራቱ ኃይል ይሆናል" አሉ ጋሽ ሽቦ። ከሌላ ሶኬት ሰኩ። ያው ነው። የጣሪያውን መብራት አጠፉ። ያው ነው።

"እስቲ አንዴ ዞር በይልኝ።"

የራሳቸውን ግራ እጅ ከቀለበቱ በላይ ዘረጉ። ቆዳው የተሸበሸበ፣ አውራ ጣቱ በመበየጃ የተቃጠለ የሽማግሌ እጅ። ድምፁ ከሱቁ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ ተዘረጋ፤ ቅንጣት አልተነቃነቀም።

ጋሽ ሽቦ እጃቸውን እንደ ሰረቀ ሰው ቶሎ ሰበሰቡ። መምህርቷ የራሷን ግራ እጅ አገላብጣ አየች።

"መንቀጥቀጡ በፊትም ነበረ ማለት ነው" አለች። "በሁለቱ ጣት ውስጥ ተደብቆ ነው እንጂ።"

"ድካም ይሆናል፣ ልጄ። ደግሞም አልበላሽም መሰለኝ።"

"ጋሼ፣ አይሸንግሉኝ።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውርደው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። "እንግዲያው እውነቱን ልንገርሽ። አንዲት ዕቃ ልጨምርበት እችላለሁ። ድምፁን ትንሽ ታዘገየዋለች፤ እጅ ቢንቀጠቀጥም መንቀጥቀጡ ወደ ድምፁ አያልፍም። ቅዳሜ ማንም ሰው አይሰማውም። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።"

"እስከ መቼ ይሸፍነዋል?"

"እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "እሱን አላውቅም።"

ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ቅዳሜ ጭብጨባ፣ ከዚያ ሌላ ቅዳሜ። ዕቃ ከተጨመረባት ሣጥኗ ወሬ አታወጣም፤ የሚያውቁት እሷና አንድ ሽማግሌ ብቻ ይሆናሉ። "ያድርጉልኝ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሽማግሌው መሳቢያ ከፍተው ያቺን ዕቃ መፈለግ ጀመሩ። ጣቶቻቸው በጥቃቅኑ ብረታ ብረት መሐል ሲያንኳኩ ሰማች፤ አባቷ ክር የሚገባበት መርፌ ሲፈልጉ ትሰማው የነበረውን አስታወሳትና አስፈራት።

"ይተዉት" አለች።

"እንዴ? ቅዳሜስ?"

"ቅዳሜ ያቺን ክፍል ሌላ ሰው በቫዮሊን ይጫወታታል። ሣጥኗ እንዳለች ትሁን።"

ጋሽ ሽቦ መሳቢያውን ዘጉ። ሣጥኗን ራሳቸው ጠቀለሉላት፣ እስከ በሩም ተሸከሙላት። "እንግዲህ ፈጣሪ ይርዳሽ" አሏት።

እህቷ ሣጥኗን ስታይ ከመኪናው ውስጥ ጎንበስ ብላ በሩን ከፈተችላት። "አበጀሽ! ምን አሉሽ? ተሠራች?"

"ተሠራች።"

"ምንድን ነው የነበረባት?"

"አንዲት ትንሽ ነገር ያለ ቦታዋ ተበይዳ።"

"ይኸው! ለዚህ ነው ስድስት ወር ራስሽን የገደልሽው?" እህቷ ሳቀች፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፣ መንገዱ ነፃ መሆኑን ለማየት አንገቷን አሰገገች።

መምህርቷ ቀበቶዋን አላሰረችም።

"ነገ ጠዋት ሥራ አለሽ?"

"አለኝ። ምነው?"

"ሐኪም ቤት ታደርሺኛለሽ?"

"ማን ታመመ?" እህቷ አሁንም ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

መምህርቷ ግራ እጇን አነሣችና በመኪናው መስተዋት ፊት አየር ላይ ዘረጋችው፤ ልታጸናው አልሞከረችም። እህቷ ዞር አለች። አየችው። ከዚያ ቁልፉን አዞረችና ሞተሩን አጠፋች።