በዚያው ቀረ

«ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ አንቺማ ምን ያላደረግሽለት አለ?» አለቻት ጎረቤቷ፣ የሻይ ብርጭቆ እያስያዘቻት።

እህትየዋ ብርጭቆውን ተቀበለች። አናጢው ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ ጥግ ይዛ ያንኑ አንድ ነገር ትደጋግማለች፦ «የቀጠሮ ወረቀቱ ባይጠፋበት ኖሮ! ምናለ ያቺ ወረቀት ባትጠፋ!»

አልጠፋችም። በእህትየዋ ቦርሳ ውስጥ ናት።

ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና ሩቅ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ሲልከው፣ «ከመቶ ሰው ዘጠና ሰባቱ ድኖ ቤቱ ይገባል» ብሎት ነበር። እሷ ግን ዘጠና ሰባቱን አታውቃቸውም። ድኖ ቤቱ ስለገባ ሰው ማን ያወራል? የምታውቀው አንዱን ነው፤ እሷ በምታጸዳበት ትምህርት ቤት ይሠራ የነበረውን ቀለም ቀቢ። ለዚሁ ሕመም እዚያው ሆስፒታል ሄደ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንደነገራት «በዚያው ቀረ»።

«እትዬ፣ እሱ እኮ አንድ ሰው ነው» አላት ወንድሟ እየሳቀ።

«አንድ ሰው በለኝ! ልጆቹ በር በሩን እያዩ ሲውሉ ብታይ አንጀትህን ይበሉህ ነበር!»

ልጆቹን አላየችም። ዘበኛውም ስለ ልጅ አላነሣም። እንዲሁ ከአፏ ወጡ፤ ወጥተውም ራሷን አስለቀሷት። ወንድሟ ሳቁን ተወ። ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጣት። «በቃ፣ አልሄድም፤ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ሚስቴን ጠፋብኝ እላታለሁ።»

ከሰዓት በኋላ አንድ ወፈር ያለ ሰው ባርኔጣውን እያወለቀ ሐዘን ቤቱ ገባ። ብርጭቆው ከእህትየዋ እጅ አመለጠ።

«ምነው፣ ረሳሽኝ እንዴ? ቀለም ቀቢው ነኝ። ለእረፍት መጥቼ ዘበኛው ሐዘንሽን ነገረኝ። እግዜር ያጥናሽ።»

«አንተ… ሆስፒታል ገብተህ አልነበር?»

«ገብቼ ነበር፣ ዳንኩ። እዚያው ከተማ ደህና ሥራ አገኘሁና በዚያው ቀረሁ።»

«ልጆችህስ?»

«የምን ልጅ? ሚስት እንኳ የለኝ!» መሳቅ ከጀመረ በኋላ ያለበት ቤት ትዝ አለውና አፉን በባርኔጣው ሸፈነ።

ዘበኛው አልዋሻትም። ቃል በቃል ያንኑ ነው ያላት። ሞቱን የጨመረችው እሷ፣ ልጆቹን የወለደቻቸው እሷ፣ ወንድሟን የገደለችውም እሷ ናት።

«ምናለ ያቺ ወረቀት…» አለች ሚስትየዋ እንደገና።

እህትየዋ ሄዳ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀቱን አወጣችና እጥፋቱን በመዳፏ ደጋግማ ካቃናች በኋላ፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።