የእትዬ ዘውድነሽ ኑዛዜ

ባጫ እባላለሁ። አዳማ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ፣ ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ ሳመላልስ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

እትዬ ዘውድነሽን ያገኘኋቸው ችሎቱ በር ላይ ነው። ከሱፐርማርኬት አንድ እሽግ የአዋቂ ዳይፐር በነጠላቸው ሸፍነው ሲወጡ ተይዘው፣ ባለፈው ቀጠሮ ጥፋተኛ ተብለዋል። የቀረው ቅጣቱ ነበር። ዳይፐሩ ለባላቸው ለአቶ አብተው ነው፤ ግማሽ ጎናቸው ከደረቀ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

«ቆልፌበት ነው የመጣሁት፤ ለምሳ እደርሳለሁ ብዬዋለሁ» አሉኝ።

«አይዞዎት እማማ፣ በገደብ ይለቁዎታል። ብቻ ሲጠይቁዎት ምንም ሳይደብቁ ይናገሩ» አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ? ምክር መስጠት ሥራዬ አይደለም።

ዳኛዋ ቅጣት የሚያቀልላቸው ነገር ካለ እንዲናገሩ ጠየቁ፤ እኔም በአማርኛ ነገርኳቸው። እትዬ ዘውድነሽ የንስሐ አባታቸው ፊት የቆሙ ይመስል አንገታቸውን ደፉ።

«ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም። ለፋሲካ ከዚያው ሱቅ ዘይት ወስጃለሁ። ሁለቴ ደግሞ ሳሙና። ሰው አላየኝም፤ እግዜር ግን አይቶኛል።»

አሁን ስለ አቶ አብተው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እንድተረጉም ወደ እኔ ዞሩ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም ምያለሁና ዘይቱንም ሳሙናውንም አንድ በአንድ በኦሮምኛ ተናገርኩ።

«ሌላስ?» አሉ ዳኛዋ።

«ሌላ የለኝም።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ፣ ስርቆት ልማዳቸው መሆኑን ራሳቸው ስላመኑ ገደብ አይገባቸውም አለ። ዳኛዋ ተስማሙ። አራት ወር እስራት ፈረዱ። ያንንም የተረጎምኩላቸው እኔው ነኝ።

ፖሊሷ ክንዳቸውን ስትይዝ ተከትያቸው ወጣሁ። ተናድጄባቸው ነበር፤ በራሴ ከመናደድ ያ ይቀለኝ ነበር።

«ምነው እማማ፣ የባልዎን ነገር ሳይናገሩ?»

«ኃጢአቴን እየተናዘዝኩ በበሽተኛ ላሳብብ?» አሉና ከመቀነታቸው ቁልፍ ፈተው እጄ ላይ አኖሩ። «ቶሎ ሂድልኝ ልጄ። ቁርስም አልቀመሰ።»

በነገሩኝ ምልክት ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው አንዲት የቆርቆሮ በር ያላት ክፍል ናት። ቁልፉን ገና ሳዞረው ከውስጥ የተሰበረ ድምፅ ሰማሁ።

«ዘውዴ! ደረስሽልኝ?»

አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቃል ሳደርስ ኖሬያለሁ፤ አሁን የማደርሰው ግን አራት ወር የሚለውን ነው። በሩን ገፍቼ ገባሁ።